በየትኛው ሰዓት?

ድንኳን ለእኛ የሁለት ነገር ምልክት ነው፤ የሠርግና የለቅሶ። ሰው ኪራይ የከፈለበት ቤት እያለው፣ በገዛ ገንዘቡ ድንኳን ገዝቶ በረሃ ገብቶ ይተኛል ቢሉኝ ኖሮ አዲስ አበባ ሳለሁ አላምንም ነበር። የባለቤቴ የሥራ ጓደኞችም አላመኑም። ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ ከሚነዱት አበሾች መካከል በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል የወጡ አሉ፤ ከእነሱ አንዱ ዕቃ ስንጭን አየንና፣ «እኔ ገዳሪፍ ሁለት ዓመት ድንኳን ውስጥ ከርሜ ነው እዚህ የደረስኩት። እናንተ ደግሞ በገንዘባችሁ ልትሰደዱ ነው?» ብሎ ሳቀብን።

መሰደዱ እንኳ ቀርቶብን ነበር። የምንሄደው ልንተዋወቅ ነው። ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ።

ባለቤቴ አሜሪካ የገባው በተጋባን በስድስተኛው ወር ነው። የእኔ ጉዳይ አንዴ ወረቀት ጎደለው፣ አንዴ ቀጠሮው ተላለፈ፣ አንዴ ኮሮና ገባበት፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት ዓመት ፈጀ። በእነዚያ ዓመታት ትዳራችን የኖረው ስልክ ውስጥ ነበር። እሱ የሌሊት ታክሲ ይነዳል። ፈረቃውን ጨርሶ የሚገባው ሊነጋጋ ሲል፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል። እኔም የምጽፈውን ጥዬ ደረጃው ላይ ወጥቼ አነጋግረዋለሁ። በጥቅምት መጨረሻ እነሱ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ቀጠሯችን ወደ 10 ሰዓት ይዛወራል፤ በመጋቢት መግቢያ ላይ ወደ ፊት ሲገፉት ተመልሶ 9 ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ላይ የእኛና የፈረንጆቹ አቆጣጠር የስድስት ሰዓት ልዩነት አለ። እሱ ቀስ በቀስ የነሱን ለመደ። «ነገ በ4 ሰዓት እደውላለሁ» ይለኛል። «በየትኛው ሰዓት?» እለዋለሁ። «በእኛ።» «እኛ ማን ነን?» ስንቱን ጥሪ በዚህ ምክንያት አሳልፈናል! ውሎ አድሮ «በየትኛው ሰዓት?» የሚለው ቃል ጥያቄነቱ ቀርቶ የጠብ መክፈቻ ሆነ።

ወረቀቴ አልቆ ላስ ቬጋስ ስገባ ይህ ሁሉ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ስልኩ ቀረ እንጂ ሰዓቱ አልቀረም። እሱ አመሻሽ ላይ ይወጣል፤ ጎህ ሲቀድ ይገባል። እኔ ስነቃ እሱ ይተኛል፤ እንቅልፍ እንዲወስደው ብዬ ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ጋርጄ በእግር ጣቴ እሄዳለሁ። ያንን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግሬ መጥቼ በአንድ አልጋ ላይ በፈረቃ እንተኛ ጀመር። ዘጠኝ ወር እንዲህ አለፈ። መስከረም ሲጠባ፣ «የአንድ ሳምንት ዕረፍት ውሰድና ካላየኸው አገር ውሰደኝ» አልኩት። ያላየው አገር ሩቅ አልነበረም። ስንት መንገደኛ ስለ ግራንድ ካንየን ጠይቆታል! እሱ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ሆቴል፣ ከሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሲመላለስ ከከተማው ወጥቶ አያውቅም።

የተነሣነው መስከረም 15 ማለዳ ነው፤ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ጀበናና ከረጢቱ ገና ያልተፈታ ድንኳን ይዘን። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ነዳን ሁቨር ግድብ ደረስን። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመረቀው ይህ ግድብ ቁመቱ 221 ሜትር ሲሆን፣ የኮሎራዶን ወንዝ በኔቫዳና በአሪዞና ድንበር ላይ ገትሮ ይዞታል። ከበስተኋላው የተኛውን የሚድ ሐይቅ ነጭ መቀነት ዙሪያውን ይከበዋል፤ ውሃው ቀድሞ የደረሰበት ምልክት ዓለቱ ላይ ቀርቶ ነው። ድርቁና የሚቀዳው ሕዝብ ብዛት አንድ ላይ ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ሐይቁ በ1930ዎቹ ከሞላ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወርዶ ነበር። ስንት እንደ ጎደለ እንዲህ ከሩቅ የሚነበብ ነገር አይቼ አላውቅም።

ግድቡ ላይ ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። ውሃው ውስጥ ከቆሙት ማማዎች በሁለቱ ላይ ሰዓት ተሰቅሏል፤ አንዱ የኔቫዳን፣ ሁለተኛው የአሪዞናን ያሳያል። አሪዞና እ.ኤ.አ. ከ1968 ወዲህ እንደ ሌሎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን አይቀይርም፤ ፀሐይ የሚያንገበግበው አገር ምሽቱ ቶሎ እንዲመጣለት ይፈልጋል እንጂ ብርሃን እንዲረዝምለት አይሻም። ስለዚህ ሁለቱ ሰዓቶች ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እኩል ይቆጥራሉ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ ሰዓት ይለያያሉ። የደረስንበት ወቅት የስምምነታቸው ጊዜ ነበር።

«እንደ እኛ ናቸው» አለ ባለቤቴ፤ «ግማሹን ዓመት ይስማማሉ።»

«እኛ ደግሞ መቼ ተስማምተን እናውቃለን?» አልኩት። ሳቅን። ሳቁ ግን መኪናው ውስጥ እስክንገባ ነው የቆየው።

ግራንድ ካንየን ደቡባዊ አፋፍ ላይ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። 446 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ስፋቱ እስከ 29 ኪሎ ሜትር የሚደርስ፣ ጥልቀቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚበልጥ ገደል ነው። ይህን ቁጥር ሰሌዳው ላይ አንብቤ ቀና ስል ቁጥሩ ከአእምሮዬ ጠፋ። ባለቤቴ የደጀን ልጅ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ የአባይን በረሃ ሽቅብ ሲወጣ ነው ያደገው። ብዙ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «አባይ ነው» አለ። «ቀይ ቀለም የተቀባ አባይ።» ከዚያ ፊቱን አዞረብኝ።

ድንኳኑን መትከል ከሁለታችን የሚያውቅበት አልነበረም። ምሰሶው በአውታሩ ቦታ፣ አውታሩ በምሰሶው ቦታ ገባ። መሬቱ ድንጋይ ሆኖ ካስማው አልገባ ሲል ከጎናችን የሰፈሩ ሽማግሌ አሜሪካዊ መዶሻ አዋሱን። አፋፉ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ሌሊቱ እንደ አዲስ አበባ ይቆረፍዳል። ባለቤቴ የሌሊት ሰው ነውና አልተኛም፤ እኔም ሸራው ነፋስ ሲመታው ድምፁ ሌላ ድንኳን አስታወሰኝና አልተኛሁም። ሁለታችንም የተኛን መስለን አደርን።

በማግሥቱ አፋፉን ተከትሎ የተሠራ የእግር መንገድ ላይ ወጣን፤ «የጊዜ መንገድ» ይሉታል። መሬቱ ላይ በየሜትሩ የነሐስ ምልክት ተተክሏል፤ አንዱ ሜትር የአንድ ሚሊዮን ዓመት ምሳሌ ነው። ከአፋፉ ጫፍ ያለው ድንጋይ 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ከገደሉ ሥር ያለው 1 ቢሊዮን 700 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። ባለቤቴ ሒሳብ ይወዳል። እየተራመደ ሲያሰላ ቆየና፣ «በዚህ ልኬት የእኛ ስድስት ዓመት ስንት ነው መሰለሽ? ከአንድ የራስ ጸጉር ውፍረት እንኳ በጣም ያንሳል። ይህን ያህል ብቻ ነው የተለያየነው!» አለኝ።

ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። እኔ ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ የታመቀው ቁጣዬ እዚያ ገነፈለ።

«ድንጋይ ይጠብቃል፤ እኔ ድንጋይ አይደለሁም» አልኩት። «የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው ትተኸኝ የሄድከው። አሁን ሠላሳ ስድስት ልገባ ነው። ሦስት ልጅ እንወልዳለን ስንል ነበር፤ ትዝ ይልሃል? እናቴ ስትሞት ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ሰው ሁሉ ‹ባሏስ?› ሲል እኔ ‹ደውሏል› እላለሁ። ደውሏል! ይኼ በጸጉር ይለካል?»

አንድ ቃል አልመለሰም። ወደ ድንኳኑ እስክንመለስ ድረስ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን።

ያ ቀን የመስቀል ዋዜማ ነበር። ተቀያይመንም ቢሆን ደመራን ሳናበራ ማለፍ አልሆነልንም። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ስለማይፈቀድ አንድ እስር ማገዶ ከሱቅ ገዛን። መንገዱ ዳር አደይን የሚያስታውስ ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ሞልቷል፤ እሱንም መቁረጥ ክልክል ነው። በሰፈራው ላይ ለእሳት በተዘጋጀው የብረት ቀለበት ውስጥ ክንድ የማታህል ደመራ አቆምን፤ ባለቤቴ ለኮሳት። የመስቀሉን ዘፈን ጎረቤት እንዳንረብሽ ብለን በለሆሳስ አልን። ጨረቃ ገና አልወጣችም፤ ሰማዩ በከዋክብት ተጨናንቋል።

እሳቱ ሲጋጋም ባለቤቴ ሳልጠይቀው መናገር ጀመረ።

«የእናትሽን መርዶ የሰማሁት መንገደኛ ጭኜ ነው። ሰውዬው ‹ሌሊቱ እንዴት ነው?› አለኝ፤ ‹ጥሩ ነው› አልኩት። የት ሄጄ አለቅሳለሁ? ስነዳ አደርኩ። ቀብሩ በ9 ሰዓት እንደሆነ ወንድምሽ ነግሮኝ ነበር። ታክሲዬን አንድ ባዶ ማቆሚያ ውስጥ አቁሜ ወረድኩና በ9 ሰዓት ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ቆምኩ።»

«በየትኛው ሰዓት?» አልኩት። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

«በአንቺ» አለኝ። «ቀብሩ ተፈጽሞ ወደ ድንኳኑ ትመለሳላችሁ ብዬ እስካሰብኩበት እስከ 10 ሰዓት ቆምኩ። ሰኔ ስለነበር ፀሐይ ወጣችብኝ። ከዚያ ሄጄ የታክሲውን ሒሳብ አስረከብኩ።»

ይህንን ሦስት ዓመት ሙሉ አልነገረኝም። «ለምን?» ስለው፣ «በስልክ የሚባል ነገር አልመሰለኝም፤ ከመጣሽ በኋላ ደግሞ አንቺ ነቅተሽ እኔም ነቅቼ የተገናኘንበት ጊዜ የለም» አለ። አለቀስን፤ ለእናቴ አብረን ስናለቅስ የመጀመሪያችን ነው። ደመራዋ የወደቀችውም ያን ጊዜ መሆን አለበት፤ ወደ የት እንደ ወደቀች ግን ዛሬም አንስማማም። እሱ ወደ ምሥራቅ ነው ይላል፤ እኔ ወደ ድንኳኑ ነው እላለሁ።

በመስቀል ማለዳ ፀሐይ የወጣችው በፈረንጅ 6 ሰዓት ከሩብ ግድም ነው፤ ማታም በዚያው ገደማ ትጠልቃለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት ሰሞን አሪዞና የእኛን አቆጣጠር ከነሱ አቆጣጠር ይልቅ ይስማማዋል፤ በ12 ይነጋል፣ በ12 ይመሻል። ጀበናውን ስጥድ ባለቤቴ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየና፣ «2 ሰዓት ሊሆን ነው፤ እንነሣ» አለ። በየትኛው ሰዓት ብዬ አልጠየቅሁም።

ወደ ምሥራቅ ስንነዳ ግን የሰው ሰዓት እንደገና አሳቀን። የናቫሆ ሕዝብ ምድር ከአሪዞና አልፎ ወደ ዩታና ወደ ኒው ሜክሲኮ ስለሚዘልቅ ናቫሆዎች ሰዓት ይቀይራሉ። በእነሱ ምድር መካከል የሚኖሩት ሆፒዎች ግን ከአሪዞና ጋር ጸንተዋል። የናቫሆዎቹ ቱባ ሲቲና የሆፒዎቹ ሞንኮፒ የሚለያዩት በአውራ ጎዳና ነው፤ በበጋ ወራት መንገዱን ሲሻገሩ አንድ ሰዓት ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ስልካችን መላ ቅጡ ጠፋበት። መንገድ ዳር በዘይት የተጠበሰ ቂጣ የምትሸጥ አንዲት ሴት ሰዓት ብንጠይቃት፣ ኮስተር ብላ፣ «የትኛውን ነው የምትፈልጉት?» አለችን። ባለቤቴ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ቂጣው ከእጁ ወደቀ። ሴትዮዋ ሌላ ሰጠችን፤ ገንዘብ አልተቀበለችበትም።

የመጨረሻውን ሌሊት ያደርነው ናቫሆዎቹ ራሳቸው በሚያስተዳድሩት በመኑመንት ቫሊ ነው፤ ቀያይ ዓለቶች ከሜዳው ላይ እንደ ግንብ በቆሙበት። እ.ኤ.አ. በ1864 የአሜሪካ ጦር ይህን ሕዝብ ከምድሩ ነቅሎ በኒው ሜክሲኮ ወዳለው ቦስክ ሬዶንዶ በእግር ነድቶት ነበር፤ ብዙ ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1868 ውል ፈርመው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አራት ዓመት። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ፣ «በድንጋይ ሒሳብ ይኼም ከጸጉር ያንሳል» ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁት። «አራት ዓመት ረጅም ነው» አለ።

በአምስተኛው ቀን ተመለስን። የቤት ኪራዩ አልቀነሰም፤ ባለቤቴም አሁንም የሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ ነገር ግን ከሳምንቱ ሦስት ሌሊት ትቶ በአራቱ ብቻ ይሠራል። ገንዘቡ ይጠብበናል፤ በሱም እንጣላለን፤ ሁለታችንም ነቅተን ነው የምንጣላው። ወጥ ቤታችን ውስጥ አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰቅለን በእኛ አቆጣጠር ሞልተነዋል። እንግዳ ሲመጣ ይደናገጣል፤ ሰዓቱ ተበላሽቷል ይለናል። ድንኳኑ አልጋችን ሥር ነው፤ ሸራው እስካሁን የጭስ ሽታ አለው።