ከቁርጡባ በፊት ሞጣ



በቅርቡ አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንድ ሐሳብ አመጡ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየቆጠብን አንድ ቀን አንደሉስን እንይ፤ መኪና ተከራይተን ከቁርጡባ እስከ ገርናጣ እንንዳ፤ አሉ። እስከ እኩለ ሌሊት ፎቶ ሲላላኩ አመሹ።

ምኞቱን አልነቅፍም። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የወይራ ዛፍ በሸፈናቸው ኮረብታዎች መሀል ያልፋል። በአንዱ ጫፍ በ785 እ.ኤ.አ. መገንባት የተጀመረው ታላቁ መስጂድ አለ፤ ዛሬ ካቴድራል ነው። በሌላው ጫፍ አልሐምራ አለ፤ የመጨረሻው የአንደሉስ ሙስሊም ገዥ በ1492 እ.ኤ.አ. አስረክቦት የወጣው። ይህን ታሪክ ከእኛ መካከል ያልሰማ የለም። የቪዛውንና የትኬቱን ነገር ትቼ እኔ የጠየቅኳቸው ሌላ ነበር፦ «ከደብረ ማርቆስ እስከ ጎንደር በመኪና የሄደ ማን አለ?» ከስድስታችን አንዱ ብቻ እጁን አወጣ። እሱም አውቶቡስ ውስጥ ተኝቶ ነው ያለፈው።

እኔ የአምበር ልጅ ነኝ። አምበርን ለማታውቁ፦ ከአዲስ አበባ መጥታችሁ የዓባይን በረሃ ስትወጡ ደጀን አለ፤ ከዚያ የትኖራ፣ ከዚያ ሉማሜ፤ ደብረ ማርቆስ ሳትደርሱ የምታገኟት የአነደድ ወረዳ ከተማ አምበር ናት። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። ሰው ሁሉ በመስኮት አይቷት ያልፋል እንጂ «አምበር ውረድ» የሚል ጥቂት ነው። እንግዲህ ጉዞው ከእኛ ቤት ይነሳል ብዬ ወሰንኩና ደብተር አወጣሁ።

ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ አድርጎ እንጅባራና ዳንግላ የሚያወጣው ነው። ጓደኞቼ ይህን መረጡ፤ ዘንገና ሐይቅ አለበት፣ የአዊን ፈረስ ያያሉ፣ ፎቶ ያምርበታል። ሌላው ወደ ደጀን ተመልሶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው ነው። በዚህኛው ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጮቄ ተራራ በግራ፣ የዓባይ ሸለቆ በቀኝ እየሆኑ ይሸኟችኋል። እኔ ስለ መልክዓ ምድሩ ስከራከር እናቴ ከጓዳ ሆና ነገሩን ቋጨችው። «በሞጣ ካልሆነ እኔ አልሄድም፤ እህቴ ያለችው እዚያ ነው።» ስለዚህ ስንሄድ በሞጣ፣ ስንመለስ በእንጅባራ ሆነ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀን ለደብረ ማርቆስ ሰጥቻለሁ። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ስትባል የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ ነበረች፤ ቤተ መንግሥታቸውም አለ። እኔን የሚስበኝ ግን ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ ያለችው የጁቤ ናት፤ ባሶ ሊበን። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ የባሶ ገበያ ነበር። ጀበርቲ ነጋዴዎች ከጎንደርና ከደሪጣ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ጭነው እዚህ ድረስ ይመጣሉ። ክረምት ዓባይ ስለሚሞላ በጋውን ይጠብቃሉ። ከዚያ በቡድን ሆነው ወንዙን ይሻገሩና በጉድሩ በኩል እስከ ሊሙ እናርያ፣ እስከ ሰቃ ገበያ ይዘልቃሉ። ሲመለሱ ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይዘው ነው። ባሪያም ነበረበት። የነጋዴዎቻችን ታሪክ ሲወራ ይህችን መዝለል የሚወዱ አሉ፤ እኔ ግን መዝለሉን አልወደውም።

በዚያው መንገድ ላይ ከጭነቱ ሌላ የተጓዘ ነገር አለ። የጊቤ ገዥዎች፣ የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦም ጭምር፣ እስልምናን የተዋወቁት በአብዛኛው በእነዚህ ነጋዴዎችና አብረዋቸው በሄዱ ሸኾች በኩል ነው። ዛሬ ጅማ ውስጥ አዛን ስትሰሙ፣ መንገዱ በአንድ በኩል ከጎጃም ቁልቁለት የወረደ መሆኑን አስቡት። ይህ በየትኛው የጉብኝት መጽሔት ላይ ተጽፎ አያችሁ? እኛ «ጎጃም ውስጥ ሙስሊም አለ እንዴ?» ተብለን የምንጠየቅ ልጆች ይህን ብናውቀው ምን ነበረበት?

ረቡዕ ጠዋት ተነስተን ሞጣ እናድራለን።

ስለ ሞጣ ሁላችሁም የምታውቁት አንድ ቀን አለ፤ ዓርብ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012። መስጂዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊሞች ሱቆች ነደዱ። በየከተማው ሰልፍ ወጣ፣ ለመልሶ ግንባታው ብዙ ሰው ገንዘብ አዋጣ። እኔም በዚያ ሳምንት ፕሮፋይሌን ከቀየሩት አንዱ ነበርኩ። አክስቴ ግን ያኔም እዚያው ነበረች፤ ዛሬም እዚያው ናት። ያን ሌሊት ያስጠጓት ጎረቤቶቿ ክርስቲያኖች ናቸው። ባለፈው ስልክ ላይ «እናንተ ሞጣን የምታውቋት በጭሷ ብቻ ነው» አለችኝ። ቅሬታ አልነበረበትም፤ እንዲሁ ነው የተናገረችው። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከደብተሬ ላይ ሌላው ሁሉ ቢሰረዝ የሞጣዋ ሌሊት እንዳትሰረዝ እፈልጋለሁ። የፈረሰውን ለመቁጠር አይደለም። ከጀመዓው ጋር ሱብሒ ልሰግድ፣ የአክስቴን ቡና ልጠጣ፣ የጎረቤቶቿን ደጅ አንኳኩቼ ሰላም ልላቸው ነው።

ሐሙስ ሰባራ ድልድይ። ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርደው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ተሰበረና ስሙ እንደዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር የሚሻገረው፤ በአንድ ዳር ያሉ ይይዛሉ፣ በሌላው ዳር ያሉ ይስባሉ። አንድ አሜሪካዊ ይህን ፎቶ መጽሔት ላይ አይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ድልድይ የሚሠራ ድርጅት አቋቋመ። ፎቶ ሲያዩ ማምሸት አንዳንዴ እንዲህም ያደርጋል። እናቴ እዚህ አትወርድም፤ ጉልበቷ አይፈቅድላትም። ከእህቷ ጋር ትቀመጣለች፤ እሷም የፈለገችው ይህንኑ ይመስለኛል።

ባሕር ዳርን ሁላችሁም ስለምታውቋት አልፋታለሁ፤ በ2016 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ግን በእግራችን እንሻገራለን። ዓርብ ከሱብሒ በኋላ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረናል። የፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን። በይፋግ አቅራቢያ ደሪጣ አለች፤ እነዚያ ባሶ ድረስ የሚወርዱ ነጋዴዎች ከሚነሱባቸው ከተሞች አንዷ። አሁን ትንሽ መንደር ናት። ለጁሙዓ ጎንደር እንደርሳለን፣ ኢንሻአላህ።

ጎንደር ሲባል ሰው ፋሲል ግንብ ይሄዳል፤ እኛም እንሄዳለን። ጁሙዓ ግን አዲስ ዓለም ነው። በ1668 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። እስላም ቤት የሚባለው ሰፈር ያኔ ተለየ፤ ዛሬ አዲስ ዓለም የምንለው እሱ ነው። ለማግለል የተለየው ሰፈር የከተማዋን የሩቅ ንግድ የያዙ ሰዎች መኖሪያ ሆነ። ገርናጣ ላይ ሙስሊሙ ሄዶ ግንቡ ቀረ፤ እዚህ ሰዉ አለ፣ አዛኑም አለ። ለእኔ ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጉዞውን ከሙዚየም ይልቅ ዚያራ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አሁን የሆድ ነገር። በዚህ መንገድ ላይ የሙስሊም ምግብ ቤት በየከተማው አይገኝም። ለዚህ ነው ረቡዕና ዓርብን የመረጥኩት፦ ክርስቲያን ወገኖቻችን የሚጾሙባቸው ቀናት ስለሆኑ በየሆቴሉ በያይነቱና ሽሮ ሞልቷል፣ ስለ ሥጋው ማንም አይጨነቅም። ይህን ዘዴ ያስተማረኝ አባቴ ነው። ለሐሙስ ቆሎና ዳቦ እንይዛለን። ሙሳፊር ስለሆንን ዙሁርና ዐስርን አሳጥረን እናጣምራለን፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችሁን ጠይቁ።

ሁሉም ተጽፎ አልቋል። የቀረው መንገዱ ነው። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን ያለውን ሁኔታ ታውቃላችሁ፤ ዛሬ የተከፈተው ነገ ሊዘጋ ይችላል። እናቴን ጭኜ በግምት አልወጣም። የተስማማነው የአባዱላ ሹፌር በየሰኞው ይደውላል፤ ሁለት ጊዜ «ይቆይ» ብሎናል። የእናቴ በርበሬ ተፈጭቶ፣ ለእህቷ ተቋጥሮ በር አጠገብ ተቀምጧል። አንደሉስ ካሉት ጓደኞቼ ሦስቱ ስማቸውን አስመዝግበዋል።

ቢቸና፣ ደብረ ወርቅ ወይም ሞጣ ያላችሁ እህት ወንድሞች፣ የመንገዱን ነገር በውስጥ መስመር ብትነግሩኝ አላህ ይስጥልኝ። ደሪጣ ቤተሰብ ያለው ካለ ደግሞ፣ ዓርብ ጠዋት ለአንድ ሲኒ ቡና የምንቆምበት ቤት እየፈለግን ነው።