ገባብኝ!

የአዲስ አበባ ሾፌር ትዕግሥት የለውም ይባላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦት ወደ ጃንሜዳ ሲወርድ መሪ ይዘው አያውቁም ማለት ነው። መንገዱ ይዘጋል፣ ሞተር ይጠፋል፣ ሾፌሩ ወርዶ ይሳለማል፤ ሰዓቱን የሚያይ የለም። ለቀስተኛ ድንኳኑን እስከ አስፋልቱ እኩሌታ አስፍቶ ቢተክልም ክላክስ የሚነካ አይገኝም፤ ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለስና ሌላ ቅያስ ይፈልጋል። ሰርገኛ ካሜራማኑን ከፊት መኪና ላይ ጭኖ አደባባዩን ደጋግሞ ሲዞረው እንኳ የምናጉረመርመው እየሳቅን ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ታጋሽ ሰው አንዲት ቪትዝ ከቀኝ በኩል አፍንጫዋን ስታስገባበት ምን ይነካዋል? የሚያጣው ጊዜ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። ከፊቱ እስከ መገናኛ የተቆለፈ መኪና አለ፤ ቢቀድማትም ቢከተላትም ቤቱ የሚደርሰው ያው ነው። እሱ ግን መስኮቱን አውርዶ «መንጃ ፈቃድሽን ከየት ገዛሽው?» ይላል። ማታም እቤቱ ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ «አንዷ እንዴት እንደገባችብኝ!» ብሎ ይጀምራል። የማዳበሪያ ጆንያ የሚያህል ቦታ አስፋልት ላይ የተወሰደበት ሰው፣ አጥሩን የገፉበት ባለርስት ሆኖ ያድራል።

እኔ እንደማየው የሚያበግነን መዘግየቱ አይደለም፤ መቀደሙ ነው። ታቦቱ ሁላችንንም እኩል ያቆመናል። ቪትዟ ግን ከዚያ ሁሉ መኪና መካከል እኔን መርጣ ነው የቀደመችኝ።

ፍሬቻን ከጥቅም ውጭ ያደረገውም ይኸው ነው። ፍሬቻ ማብራት ማለት ሐሳብን ለባላጋራ መንገር ሆኗል፤ ከኋላ ያለው ምልክቷን እንዳየ ነዳጅ ረግጦ ክፍተቱን ይዘጋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሾፌር ሳይናገር ይገባል፤ በሥርዓት የሚያበሩት «ለማጅ» የሚል የተለጠፈባቸው ብቻ ናቸው። አራቱን መብራት አንድ ላይ የሚያበራው «ፓርኪንግ» በአንጻሩ ሥራ በዝቶበታል፦ ቆሜያለሁ፣ ቀጥታ ነኝ፣ ሰርገኛ ነኝ፣ ሕግ መጣሴን አውቃለሁና አትናገሩኝ።

ሕግ የማይገባው ሕዝብ ስለሆንን ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። በ1956 ዓ.ም. አገሩ በሙሉ መንገድ በግራ ይዞ መንዳትን ትቶ በቀኝ መንዳት ጀምሯል፤ ዛሬም «እኔ ግራዬን አለቅም» የሚል አላጋጠመኝም። ደግሞ ማታ ማታ ሜክሲኮ ሄዳችሁ የታክሲ ሰልፉን እዩት። ያ ሰው ቀን መኪና ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጎኑን የሚገፋው፣ እግረኛ ሆኖ ሲሰለፍ ከፊቱ ያለውን ጀርባ እያየ ይንፏቀቃል። አንድ ብልጥ መሀል ልግባ ቢል ሰልፉ በሙሉ ይጮህበታል፣ አፍሮም ወደ ጭራው ይሄዳል። መኪና ውስጥ ግን የሚያፍርበት ፊት የለውም። የሚታየው ታርጋው ነው፤ ኮድ 2 ኮድ 3ን ይሰድባል፣ ኮድ 3 ሁሉንም ይሰድባል።

ስለ ሚኒባስ ብዙ አልልም፣ ብዙ ተብሏልና። የቀኑን ሂሳብ ለባለንብረቱ አስረክቦ የተረፈው ነው የእሱ፤ ስለዚህ አንድ ቢያጆ ለመጨመር ቢጋፋ ቢያንስ ምክንያት አለው። እኔንና እናንተን ምን እንደሚያጣድፈን ግን ማንም አይነግረንም። ስፖኪዮ ለስፖኪዮ የተነካኩ ሁለት መኪኖች ትራፊክ መጥቶ ፕላን እስኪያነሳ ድረስ መሀል መንገድ ላይ ቆመው ሲከራከሩ ልብ በሉ፤ ሦስት ሰከንድ አላስነካም ያሉት ሰዎች ግማሽ ቀናቸውን አስረከቡ።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪኩ በዝቷል። ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ ክላክሱ ግን እንደ ድሮው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ሲሠራ አይቻለሁ፤ እጅ። ረዳቱ በሚኒባሱ መስኮት ክንዱን አውጥቶ መዳፉን ዝቅ፣ ዝቅ ሲያደርግ፣ ወይም ከጎን ያለች ሴት አንገቷን ዘንበል አድርጋ በዓይኗ ስትለምን፣ ያ ሲፎክር የነበረው ሾፌር ፍሬኑን ይይዝና «ግቢ» ይላል። ደስ ብሎትም ነው የሚሄደው። ያው ቦታ፣ ያው ሦስት ሰከንድ ነው፤ አሁን ግን ሰጠ እንጂ አልተነጠቀም።

ስለዚህ ፍሬቻ ማብራት የምትፈሩ፣ መስኮቱን አውርዳችሁ እጃችሁን አውጡ። ከኋላ ያለሁት እኔ ከሆንኩ ትገባላችሁ። ከኋላችሁ ሲኖትራክ ካለ ግን ምክሬን እርሱትና ይለፍ።