የራስ ቦት፣ የሰው ዘፈን

«ግሩቪ» የተባለው የዲስኮርድ ዘፋኝ ቦት እ.ኤ.አ. ኦገስት 30 ቀን 2021 ዝም አለ። ሌላው ቦት «ሪትም» በሴፕቴምበር 15 ተከተለው። ሁለቱንም ያስቆማቸው ከዩቲዩብ የመጣ የሕግ ማስጠንቀቂያ ነው። ግሩቪ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን በሚበልጡ ሰርቨሮች ውስጥ ነበረ። የራስን ቦት ሊኑክስ ላይ መትከል ያኔ ሌላ ትርጉም አገኘ፦ ለአምስት ጓደኛሞች ለሚያጫውት ቦት የትኛው ጠበቃ ደብዳቤ ይጽፋል?

*

ከእነዚህ በራስ ከሚተከሉ የዲስኮርድ ቦቶች አንዱን፣ ጄሙዚክቦትን፣ መጫን ብዙም ሥራ የለውም። ጃቫ ይጫናል፣ አንዲት የጃር ፋይል ትወርዳለች፣ ኮንፊግ ፋይሉ ላይ ቶከን (የቦቱ የይለፍ ቃል ማለት ነው) እና የባለቤቱ መለያ ቁጥር ይገባል። ቦቱ ኦንላይን ሆኖ ትእዛዝ ሲጻፍለት ጭጭ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ዲስኮርድ ላይ የመልእክት ይዘት የማንበብ ፈቃዱ ስላልበራ ነው። ይህን ሳያይ ጃቫን ነቅሎ እንደገና የሚጭን ሞልቷል።

*

ሰርቨሩ ላይ ከሩቅ በኤስኤስኤች ተገብቶ የተነሳ ቦት ብዙውን ጊዜ ተርሚናሉ ሲዘጋ አብሮ ይሞታል። አንዱ በስክሪን፣ ሌላው በቲመክስ ያቆየዋል። ሲስተምዲ ላይ አገልግሎት ሆኖ ቢመዘገብ ግን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንኳ ራሱ ይነሳል፤ የሚጻፍለት ፋይልም ጥቂት መስመር ነው። ሰነፍ ሰው ሊወደው የሚገባ ነገር ነበር።

*

«አልሠራልኝም፣ እዩልኝ» ብሎ ስክሪንሹት የሚልክ ሰው ቶከኑን ሳይሸፍን ይልካል። ቦቱንም በሩት፣ ማለትም በሰርቨሩ ሙሉ ሥልጣን፣ ያስነሳዋል፤ ለአዝማሪ የጎተራውን ቁልፍ መስጠት ማለት ይኸው ነው። ለቦቱ የራሱን ተጠቃሚ መክፈት የአንድ ትእዛዝ ሥራ ነው።

*

የእኛ ሰው የሚበዛበት ቴሌግራም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። እዚያ ቦት የግሩፕ የድምፅ ውይይት ውስጥ መግባት አይችልም። ስለዚህ በስልክ ቁጥር የተከፈተ «ረዳት» አካውንት ገብቶ ያጫውትለታል። የረዳቱ ሴሽን በሰው እጅ ከወደቀ የሄደው ቦቱ ሳይሆን አካውንቱ ነው። ይህን በዋና ስልክ ቁጥራቸው የሚያደርጉ ሰዎች ያስገርሙኛል።

*

ዘፈን ሲቆራረጥ ሁሉም «ራም ጨምር» ይላል። ዲስኮርድ ድምፁን በኦፐስ ጨምቆ በ20 ሚሊሰከንድ ቁራጭ ይቀበላል፤ በሰከንድ 50 ማለት ነው። ቁራጮቹ ትንንሽ ናቸው፣ ግን በሰዓታቸው መድረስ አለባቸው። ርካሹ ሰርቨር የሚያሳፍረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

*

ዩቲዩብ አሠራሩን በለወጠ ቁጥር ትናንት ያጫወተ ቦት ዛሬ ይደናቀፋል። ከዩቲዩብ የሚያወርደውን ዋይቲ-ዲኤልፒን ከዴቢያን ማከማቻ የጫነ ሰው ይብስበታል፤ የተረጋጋው ቅጂ እንዲህ ለሚለዋወጥ ነገር አልተሠራም። ከዳታ ሴንተር አድራሻ ለመጣ ጥያቄ ደግሞ ዩቲዩብ ብዙ ጊዜ «ቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይላል። ቦቱ ምን ይበል? ባለቤቱ የራሱን አካውንት ኩኪ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ አካውንቱ ሲታገድ ደግሞ በሊኑክስ ይማረራል።