ሐራ፦ ቤት ከቤት የማይጠራራበት ሜዳ

ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርድ መንገደኛ ዓይኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በስተ ምዕራብ ባሉት ተራሮች ላይ ነው። ተራሮቹ ያምራሉና አይፈረድበትም። በስተ ምሥራቅ ግን ሌላ አገር ይዘረጋል። መሬቱ ከተራራው ግርጌ ተነሥቶ እየተንጣለለ፣ የማሽላውና የጤፉ ማሳ ለግራርና ለቁጥቋጦ ቦታ እየለቀቀ፣ ሙቀቱም እየበረታ ሄዶ ከአፋር ምድር ጋር ይገናኛል። ሐራ የዚህ ቆላማ ሜዳ የገበያ መንደር ናት። ሐራ ገበያ ተብላ መጠራቷም ያለ ምክንያት አይደለም።

በከተማ ለምንኖር እናቶች የዚህን አገር ኑሮ ለመረዳት ከቡና መጀመር ይሻላል። በእኛ ሰፈር ቡና ሲደርስ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ አንድ ጊዜ መጣራት ይበቃል። ከገበያው ወጣ ሲሉ ባለው ሜዳ ላይ ግን አንዱ ጎጆ ከሌላው ስለሚርቅ ድምፅ አይደርስም። አንዲት እናት እንዳጫወቱኝ የጎረቤታቸውን ደኅና ማደር የሚያውቁት ጠዋት ከጎጆዋ የሚወጣውን ጭስ አይተው ነው። ጭሱ የዘገየ እንደሆነ ልጅ ይላካል። አንድ ጊዜ የተላከው ልጅ ጎረቤቲቱን በወባ ተይዛ፣ ውኃ የሚያቀብላት አጥታ አገኛት።

ሜዳው የሳሳው መሬቱ ክፉ ስለሆነ አይደለም። የወሎ ሰው ደጋውንና ወይና ደጋውን መርጦ የኖረው ቆላውን ወባ ስለያዘበት ነው። በጎረቤቱ በቆቦ ሜዳ በአገራችን ከተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ የወባ መከላከል ሙከራዎች አንዱ የተጀመረው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆላውን የሚደፍር በዛ። ሆኖም ዝናብ በሌላ በኩል መጣበት። በልግ ሲቀር ክረምት ይጠበቃል፤ ክረምቱም ሲቀር የሚሆነውን ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. አይቶታል። በ1977 እና በተከታዩ ዓመት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ ሰፈረ። ከዚያ መካከል የተመለሰም፣ በዚያው የቀረም፣ በመንገድ ያለቀም አለ።

ስለ ቁጥር ካነሣን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን አገር አቀፍ ሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በግንቦት 1976 ዓ.ም. ነበር፤ ያ ታላቅ ረሃብ ሊፈነዳ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። ሁለተኛው በ1987፣ ሦስተኛው በ1999 ዓ.ም. ተደረገ። ከዚያ በኋላ የታቀደው አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተላልፏል። በ1999ኙ ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ከሐራ ሜዳ ወዲያ ያለው የአፋር ክልል ሕዝብ ግን 1 ሚሊዮን 400 ሺህ እንኳ አልሞላም። ከእነዚህም ውስጥ ሴቶቹ ከመቶ 44 ያህል ብቻ ሆነው ተመዘገቡ። የቀሩት ሴቶች የት ሄዱ? ቤቱን ሠርታ፣ ውኃውን ቀድታ፣ ፍየሉን አልባ የምታድረው ሴት በቆጣሪው ወረቀት ላይ ሳትሰፍር ቀርታ ይሆን ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቤቱን ሠርታ ያልኩት በዘይቤ አይደለም። የአፋር አርብቶ አደር ቤት የሴት ሥራ ነው። ሴቲቱ እንጨቱን አጉብጣ ታቆማለች፤ በእጇ የሠራችውን ሰሌን ታለብስበታለች፤ ለግጦሽና ለውኃ ሲጓዙም ራሷ ነቅላ በግመል ትጭናለች። በከተማ የቤት ኪራይ የሚያንገበግበን እህቶች ይህን ስንሰማ መቅናታችን አይቀርም፤ ፀሐዩንና የውኃውን መንገድ ስናስበው ደግሞ ቅናቱ ይበርዳል።

ሰው እንዲህ በተራራቀበት አገር ወሬ ትልቅ ሀብት ነው። አፋሮች ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ይኸውም የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ የማን ከብት ጠፋ የሚለውን ያዩትንና የሰሙትን በዝርዝር መንገር ነው። ገበያው የዚህ ሁሉ መገናኛ ነው። ፍየልና ቅቤ ከቆላ፣ እህልና ሽንኩርት ከዳገት ይመጣል። ቅቤ ሻጯ አፋርኛ ትናገራለች፤ የማሽላ ሻጯም ለዋጋ የሚበቃ አፋርኛ ታውቃለች። የግጦሽና የውኃ ጠብ ሲነሣ ግን መጀመሪያ የሚጎዱት እነዚሁ ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ገበያው ይዘጋባቸዋልና።

ምጥ ሲመጣ ርቀቱ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። እኛ እድር የምንለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፤ ወላዷን በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና እስከሚገባበት መንገድ የሚያደርሰውም እርሱ ነው። ጎጆዎች ሲራራቁ ግን ቃሬዛውን የሚይዙ ሰዎችን መሰብሰብ ራሱ ጊዜ ይፈጃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞችን መድቧል። በተጠጋጋ መንደር በአንድ ጠዋት ብዙ ቤት ታዳርሳለች፤ በዚህ ሜዳ ያለችው በእግሯ ግማሽ ቀን ሄዳ ጥቂት ደጆችን ታንኳኳለች። ሪፖርቱ ላይ ግን የሚጻፈው የቤቱ ቁጥር እንጂ የእግሩ ርዝመት አይደለም።

አሁን ሜዳውን የሚያሳሳው ሌላ ነው። ከሰሜን ወሎ ቆላ ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ፤ ብዙዎቹ በአፋር በረሃ አቋርጠው በጅቡቲ በኩል በጀልባ ይሻገራሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ወደ ሐብሩም ብዙዎች ተመለሱ። ከፊሎቹ ግን ውለው ሳያድሩ ያንኑ መንገድ እንደገና ያዙ።

ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የባቡር ሐዲድ መጨረሻ እንድትሆን የታቀደችው ይህችው ሐራ ገበያ ነበረች፤ ወደ መቀሌ የሚሄደውም ከዚሁ እንዲነሣ ታስቦ ነበር። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወልድያና አካባቢዋ ደረሰ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየ፤ ሥራውም ሳይጠናቀቅ ተቋረጠ።

ቡና ያጠጡኝ እናት ሁለት ሴቶች ልጆች ጅዳ አሏቸው። በላኩት ገንዘብ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ቤት ተሠርቶላቸዋል። ለምን እንደማይገቡበት ብጠይቃቸው ፍየሎቹን አመካኙ። ቀጥሎም ጣታቸውን ወደዚያች ጭስ ወዳለባት ጎጆ ቀስረው፣ እኔ ከሄድኩ የእሷን ጭስ ማን ያይላታል አሉኝ።