«ፎርማት ይደረግ» ከማለትዎ በፊት

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ብዙ ቤተሰብ ልብ ሳይለው ያለፈ ቀን ነው። ማይክሮሶፍት ሐምሌ 22 ቀን 2007 ዓ.ም. ለገበያ ላወጣው ዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የቆየውን መደበኛ የደህንነት ማሻሻያ ያቆመው ያን ዕለት ነው። ኮምፒውተርዎ በማግሥቱም እንደ ወትሮው ተከፍቷል፣ ጽፏል፣ አትሟል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በሲስተሙ ላይ አዲስ ክፍተት ቢገኝ በመደበኛነት የሚደፍንለት የለም። ስለዚህ ሰሞኑን ጥገና ቤት ጎራ ያለ ሰው ከሁለት ምክሮች አንዱን ይዞ ይመለሳል፦ «ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ 11 ይጫንበት» ወይም «ይሄ አርጅቷል፤ ሌላ ይግዙ»።

ውድ አንባቢ፣ ከሁለቱ አንዱን ከመቀበልዎ በፊት ነገሩን አብረን እንየው። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው እንጂ ኮምፒውተር ጥገና አይደለም። ሆኖም ይህ ጉዳይ ባለፈው ጥምቀት ሮቢት፣ አክስቴ ቤት ጠበቀኝ።

ሮቢት ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። የአክስቴ ልጅ እዚያ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችው። የቤቱ ሞተር አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፦ አራተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ። ጠዋት ሲከፈት ቡና ተወቅጦ እስኪፈላ ያስጠብቃል። አንድ ባለሙያ አይቶት «ዊንዶውስ 11 አይቀበልም፣ ጣሉት» ብሏል። አክስቴ ደግሞ መፍትሔውን ጨርሳ ነበር።

«ልጄ፣ ጊደሯን ልሸጣት ነው» አለችኝ። «የልጁ እንጀራ ከዚህ ዕቃ አይደል?»

እኔን ያሳሰበኝ ከጊደሯ ሌላ ዕቃው የያዘው ነገር ነበር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ አካባቢያችን በደረሰ ጊዜ ከአክስቴ ቤት ብዙ ነገር ጠፍቷል፤ የፎቶ አልበሙም አብሮ ሄዷል። ኮምፒውተሩ የተረፈው የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ተደብቆ ነው። የሟቹ አጎቴ ፎቶ ያለው ዛሬ እዚያ ሃርድ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። የሰፈሩ ቅሬ መዝገብም፣ ማለትም እናንተ አዲስ አበባ እድር የምትሉት፣ እዚያው ነው፦ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ በየትኛው ሐዘን ስንት ወጣ።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ስለ ዊንዶውስ ማንም አላነሳም። ያለውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገለበጥን። ቀጥሎ የተገለበጠውን በእኔ ላፕቶፕ ከፈትነው። ፎቶዎቹ ደህና ናቸው። የቅሬው መዝገብ ግን አማርኛ መሆኑ ቀርቶ የእንግሊዝኛ ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ትርምስ ሆኖ ወጣ።

ምክንያቱን ይወቁት፤ በእርስዎም ቤት ሊኖር ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያዎች ፊደሎቻችንን በእንግሊዝኛው ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ፊደል ነው፤ «ሀ» አድርጎ የሚያሳየን ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ማሽን ጽሑፉ ይፈርሳል። ዲስኩ ፎርማት ሲደረግ ደግሞ ፎንቱ አብሮ ይጠፋል። ፋይሉ አለ፣ የሚያነበው ግን የለም።

መፍትሔው አሮጌው ማሽን በሕይወት እያለ መሥራት ነው። ፎንቶቹን ከዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ቀድተን አስቀመጥን። መዝገቡን እዚያው ከፍተን ወደ ፒዲኤፍ ቀየርነው፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ስለሚይዝ በየትኛውም ማሽን ይነበባል። አንድ ቅጂ በወረቀት አትመን ለቅሬው ጸሐፊ ሰጠናቸው። በዩኒኮድ እንደገና መተየቡን የአክስቴ ልጅ በትርፍ ሰዓቱ ያዘው።

በማግሥቱ ወደ ማሽኑ ዞርን። «ፕሮሰሰሩን ብቻ እንቀይረው» የሚል ሐሳብ መጣ። እዚህ ላይ ኮምፒውተር የመገጣጠም ጣጣ ይጀምራል። ዊንዶውስ 11 በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ የኢንቴል ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ። ስምንተኛው ትውልድ ግን በአራተኛው ማዘርቦርድ ላይ አይቀመጥም። ማዘርቦርዱ ሲቀየር ዲዲአር3 የነበረው ራም ከዲዲአር4 መሰኪያ ጋር አይገጥምም። ታዋቂ ስም ባላቸው የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩና ኬዙ ብዙውን ጊዜ ለራሳቸው ማዘርቦርድ ብቻ የተሠሩ ናቸው። አንዱን ልቀይር ያለ ሰው ሁሉንም ገዝቶ ያርፈዋል።

ጥያቄውን ቀየርነው፦ ሥራውን የሚያጓትተው ምንድን ነው? ሃርድ ዲስኩ ነበር። በውስጡ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው፤ የሚነበበውን መፈለግ ጊዜ ይወስድበታል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ይህ መጓተት የለበትም። ከወልዲያ አንድ ኤስኤስዲና አንድ ያገለገለ 4 ጊጋባይት ዲዲአር3 ራም አመጣን። የቆላውን አቧራ ከፋኑ ላይ አራገፍን። ሰዓቱ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለሰው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ስላለቀች ነበርና እሷንም ቀየርናት። ቀን ሲዛባ ብራውዘሩ ብዙ ድረ ገጾችን «አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይመልሳል፤ ብዙ ሰው ይህንን ቫይረስ ይመስለዋል።

ሲስተሙስ? ሦስት መንገድ ነበረን። አንደኛው ዊንዶውስ 11ን በዘዴ አስገድዶ መጫን ነው፤ ይሠራል፣ ነገር ግን ማይክሮሶፍት በማይደግፈው ማሽን ላይ ቀጣይ ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። ሁለተኛው እንደ ኡቡንቱ ያለ ነጻ የሊኑክስ ሲስተም ነው፤ ለአሮጌ ማሽን ይመቻል፣ ግን ፕሪንተሩና የለመዱት ፕሮግራም እንደሚሠሩ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል። ሦስተኛው ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ባዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ መመዝገብ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ሥራ እንዳይቆም ሦስተኛውን መረጥን። ከወጪው ጋር ሲነጻጸር ጊደሯ በረቷ ውስጥ ቀረች።

ይህ መልስ ለሁሉም ቤት አይሆንም። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅዎ ዛሬ ኮምፒውተር የሚገዙ ከሆነ ዊንዶውስ 11 በሕጋዊ መንገድ የሚቀበለውን ይምረጡ። እዚህ ላይ ሙያዬ ይጠቅማል፤ ሻጭ ሁልጊዜ ትልቁን ቁጥር ያስቀድማል። «ኮር አይ7 ነው፣ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል» ቢሉዎት ትውልዱን ይጠይቁ። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ7 ከስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ3 በስም ይበልጣል እንጂ ዊንዶውስ 11 የሚቀበለው አይ3ን ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር ይመልከቱ፦ አይ5-4570 አራተኛ ትውልድ ነው፣ አይ5-8500 ስምንተኛ። «ተጭኖበታል» ማለት «ይቀበለዋል» ማለት አይደለም።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር አንድ ነገር ልጨምር። ሲስተም እየተጫነ ሳለ መብራት ከጠፋ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ይዋሱ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ። መጫኛውንም ኔትወርክ ባለበት ቦታ አስቀድመው ፍላሽ ላይ ያውርዱት። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ያየ ሰው ይህ ምክር አይከብደውም።

ጥገና ቤት ሲሄዱ ታዲያ ማሽኑን ከማስረከብዎ በፊት ፋይሎችዎን ይገልብጡ፤ የተገለበጠውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍተው ያንብቡ፤ የቆየ የአማርኛ ጽሑፍ ካለ ወደ ፒዲኤፍ ይቀይሩ። ማሽን በገንዘብ ይተካል። የአጎቴን ፎቶ ግን የሚሸጥ ሱቅ ወልዲያም፣ መርካቶም የለም። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ አክስቴ በነጠላ ጨርቅ ጠቅልላ ከቤቱ ካርታ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች።