ለአፈሩ ነው ወይስ ለእጁ?

«መርጃ መሣሪያችሁን በአካባቢያችሁ ከሚገኝ ነገር አዘጋጁ» የሚለውን ምክር ያልሰማ ዕጩ መምህር የለም። ካርቶኑን፣ ጭቃውን፣ ጠጠሩን እንሰበስባለን። ነገር ግን በአካባቢያችን ከዕቃ ሌላ ባለሙያ ሰውም አለ። እሱንስ እናውቀዋለን ወይ?

እኛ ዘጠኝ ጓደኛሞች ለማስተማር ልምምድ የደረሰን ቆቦ አካባቢ ነበር። ለአራተኛ ክፍል ልጆች የራያን ቆላ መልክ ማሳየት ፈለግን፤ በምዕራብ የላስታን ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ በመሀል ሜዳውን፣ ከደጋ ወርዶ ወደ አፋር የሚዘልቀውን ጎሊናን። በወረቀት ካርታ ላይ ግን ውሃ አይፈስም። ስለዚህ ገበያ ላይ ጀበናና ምጣድ የሚሸጡ አንዲት እናት ተራራውና ሜዳው ጎልቶ የሚታይ የሸክላ ቅርጽ እንዲሠሩልን ጠየቅናቸው።

እማማ ጥቂት አሰቡና «ልጆቼ፣ አንድ ወጥ ካደረግሁት እሳት ላይ ይፈነዳል። ሦስት ቦታ ልክፈለው፣ ከሥሩም ልቦርቡረው። አብሽሩ፣ ይገጥማል» አሉን። ወፍራም ሸክላ ውስጥ የቀረ እርጥበት በእሳት ሲተን መውጫ ካጣ ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። እኛ ይህን ከመጽሐፍ አገኘነው፤ እሳቸው ከእናታቸው እጅ።

ዋጋው 900 ብር ተባለ። ከመሀላችን አንዱ «ለአፈር?» ብሎ አጉረመረመ። ቁጭ ብለን ሒሳቡን ሠራነው። አፈሩን በአህያ ለማስመጣት 150 ብር፣ ለማገዶ 250 ብር፤ የሚቀረው 500 ብር ነው። መንፋት፣ ማቡካት፣ ማበጀት፣ በጠጠር ማለስለስና መተኮስ የአምስት ቀን ሥራ ነው፤ ለቀን 100 ብር ደረሰ ማለት ነው። ቢሰነጠቅ ደግሞ ኪሳራው የእሳቸው ነው። የፋብሪካ ፔርሙስ በተባለው ዋጋ ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው፣ ሠሪዋ ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ መከራከር ያምረዋል! ጓደኛችንም ሒሳቡን አይቶ ዝም አለ። እያንዳንዳችን መቶ መቶ ብር አዋጣን።

አዲስ አበባ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ባለ ሦስት ክፍል የመስታወት ሥዕል አለ። ያየው ሁሉ የአፈወርቅ ተክሌን ስም ይጠራል። ሸክላ ሠሪ ግን ስሟ ቀርቶ ስድብ ነው የሚተርፋት። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ «ቡዳ» የሚለው ቃል ግን ዛሬም በትምህርት ቤት ግቢ ይሰማል። የእማማ ልጅ እዚያው አራተኛ ክፍል ነች። ዴስክ ላይ ለብቻዋ ስትቀመጥ አይተናታል።

ሸክላው ሳይደርቅ ስማቸው እንዲጻፍበት ጠየቅን። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ልጅቱ በእሾህ ጫፍ ከሥሩ ጻፈችው።

በትምህርቱ ዕለት ሦስቱ ክፍሎች ልክክ ብለው ገጠሙ። ላስታ ላይ ውሃ ስናፈስ ወደ ሜዳው ወረደ፤ ደጋ ሲዘንብ የቆላው ማሽላ ተጠልፎ በመጣ ጎርፍ እንዴት እንደሚጠጣ ልጆቹ በዓይናቸው አዩ። «ማነው የሠራው?» አለ አንዱ። ገልብጠን አስነበብነው። ልጅቱ አንገቷን አልደፋችም። በማግስቱ ሁለት ልጆች አጠገቧ ተቀመጡ። ሌሎቹ ገና ናቸው።

ወንድሞችና እህቶች! ነገ በየተመደብንበት ስንሄድ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ከትምህርት ቤቱ ሩቅ አይሆኑም። ሥራ እንስጣቸው፤ የድካማቸውን እንክፈል፤ ስማቸውን እንጻፍ። ልጆቻቸው ከፊታችን የሚቀመጡ ተማሪዎቻችን ናቸውና።