ጎድዚላ የተመለሰባት ከተማ

አንባቢ ሆይ፣ ቶኪዮን ለማየት ዕድል የገጠመዎ እንደሆነ በመጀመሪያ ጊንዛ ወደሚባለው ሰፈር ይሂዱ። እዚያ በመስቀለኛው መንገድ ማዕዘን ላይ ዋኮ የተባለ መደብር አለ፤ ከጣራው በላይ የሰዓት ማማ ቆሞበታል። ጎድዚላ የሚባለው የሲኒማ አውሬ በ1954 (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በታየው በመጀመሪያው ፊልሙ ይህን ማማ ሰባብሮት ነበር። ማማው ግን ዛሬም በደኅና ቆሟል።

ከዚያ ጥቂት በእግር ሲሄዱ ዩራኩቾ ይደርሳሉ። በዚህም ስፍራ አውሬው ያፈረሰው ኒቺጌኪ የተባለ ታላቅ ቴአትር ቤት ነበረ። በእውነት ያፈረሱት ግን በ1981 ሰዎች ናቸው። በቦታው መስተዋት የለበሰ ሕንጻ በ1984 ተሠርቶ አለቀ፤ በዚያው ዓመት ጎድዚላ በአዲስ ፊልም ተመልሶ ሲመጣ ይህንንም ሕንጻ አልማረውም።

ስለዚህ መመለስ ጥቂት ላጫውትዎ። ቶሆ የተባለው ኩባንያ እስከ 1975 ድረስ 15 የጎድዚላ ፊልሞችን ሠርቷል። በመጀመሪያው ፊልም አውሬው የሃይድሮጂን ቦምብ ከባሕር ያስነሣው መቅሠፍት ነበረ። እየዋለ እያደረ ግን የልጆች ወዳጅ ሆነና ከሌሎች አውሬዎች ጋር ይታገል፣ አልፎ አልፎም ይጨፍር ጀመር። ከዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ ፕሮዲዩሰሩ ቶሞዩኪ ታናካ አዲሱን ፊልም ሲያወጣ፣ በመካከል የተሠሩት 14ቱ እንዳልነበሩ ተቆጥረው ታሪኩ በቀጥታ ከ1954ቱ ቀጠለ። በእኔ አስተያየት ብልሃቱ ይህ ነው፤ አውሬውን ለማስነሣት ቀድሞ የተወለደበትን ፍርሃት ማስነሣት ያስፈልግ ነበርና።

አሁን ደግሞ በባቡር ወደ ሺንጁኩ ይሂዱ። የእኛ አበበ ቢቂላ በ1964 የኦሊምፒክ ማራቶን ሲሮጥ በዚህ ሰፈር አልፏል። ያን ጊዜ ከባቡር ጣቢያው በስተ ምዕራብ የነበረው የከተማው የውሃ ማጣሪያ እንጂ ሰማይ ጠቀስ ሕንጻ አልነበረም፤ የመጀመሪያው ረጅም ሆቴል የተከፈተው በ1971 ነው። የ1954ቱ ጎድዚላ ቁመት 50 ሜትር ነበረ፤ ለዚያን ጊዜዋ ቶኪዮ ይህ ይበቃ ነበር። በ1984 ወደ 80 ሜትር አሳደጉት፤ ቢሆንም ከ200 ሜትር በላይ በሚረዝሙት ፎቆች መካከል ሲቆም እንደ ትንሽ ሆኖ ይታያል። ዛሬ ከጣቢያው ማዶ ካቡኪቾ በሚባለው ሰፈር፣ በ2015 በአንድ ሲኒማ ቤት ሕንጻ ላይ የቆመውን ትልቅ የጎድዚላ ራስ ያያሉ። ጎብኚዎች ከሥሩ ፎቶግራፍ እየተነሡ ይስቃሉ፤ የሚፈራው የለም።

ታዲያ የ1984ቱን ፊልም የሚያስፈራ ያደረገው ምንድን ነው? አውሬው አይመስለኝም። የአሜሪካና የሶቪየት ኅብረት መልእክተኞች ጎድዚላን በኑክሊየር መሣሪያ ለመምታት ፈቃድ ሲጠይቁ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር በአገሬ ምድር ላይ አይሆንም ብሎ እንቢ የሚልበት ክፍል ነው። ፊልሙ በሌላው በኩል አንዳንድ ቦታ ይንዛዛል፤ ይህ ክፍል ግን ብቻውን የትኬቱን ዋጋ ያወጣል።

የዚህን እንቢታ ሥር ለማየት ከሺን ኪባ ጣቢያ ወርደው ዩመኖሺማ ወደሚባለው መናፈሻ ይሂዱ። ስሙ የሕልም ደሴት ማለት ነው፤ መሬቱ ግን ባሕሩን በከተማው ቆሻሻ በመሙላት የተገኘ ነው። እዚያ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ዳይጎ ፉኩሪዩ ማሩ የተባለች የእንጨት ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ተቀምጣለች። መጋቢት 1 ቀን 1954 አሜሪካ በቢኪኒ የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር፣ ነጭ አመድ በዚህች ጀልባና በ23 ሠራተኞችዋ ላይ ዘነበ። የሬዲዮ ሠራተኛዋ አይኪቺ ኩቦያማ በመስከረም ሞተ፤ የመጀመሪያው ጎድዚላ በኅዳር ታየ። የ1954ቱም የ1984ቱም ፊልም በባሕር ላይ በመርከብ አደጋ የሚጀምረው በከንቱ አይደለም።

ጀልባይቱ ራስዋ በ1967 አርጅታ ከቆሻሻው መጣያ ዳር ተጥላ ነበረ። ሰዎች ትትረፍልን ብለው ስለ ጮኹላት አዳራሹ በ1976 ተከፈተላት። ርዝመትዋ 30 ሜትር አይሞላም፤ ከታች ቆመው ቀና ብለው ሲያይዋት ግን ትልቅ ናት። መግቢያው በነጻ ነው፤ ሰኞ ሰኞ ግን ዝግ ስለሚሆን በሌላ ቀን ይሂዱ።